ክምር ወይስ ስብስብ? ስለ ቤተ መጻሕፍት ስብስብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በቤተ መጻሕፍት ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው «እገሌ የተባለው መጽሐፍ አለ?» ብሎ ነው። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ቆም ይልና መደርደሪያዎቹን ከላይ እስከ ታች አይቶ «ይህን ሁሉ ማን መረጠው? ለምንስ እዚህ ተቀመጠ?» ይላል። በትምህርት ቤትና በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሠራሁባቸው ዓመታት እንደዚህ ዓይነት ጥያቄዎች ደጋግመው ገጥመውኛል። የመለስኳቸውን፣ ጊዜ አጥሮኝ በወጉ ሳልመልሳቸው የቀሩትንም ጭምር፣ እዚህ አስፍሬያቸዋለሁ።

የቤተ መጻሕፍት ስብስብ ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ቤተ መጻሕፍት ለአንባቢዎቹ ብሎ የመረጣቸው፣ የመዘገባቸው፣ በሥርዓት ያስቀመጣቸውና ሲጠየቅ ፈልጎ ሊያወጣቸው የሚችላቸው ጽሑፎችና ሌሎች የመረጃ ቁሳቁሶች በሙሉ ማለት ነው። መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ጋዜጣና መጽሔት፣ ብራና፣ ካርታ፣ ፎቶግራፍ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የድምፅ ቅጂ፣ የብሬል መጽሐፍ፣ በኮምፒውተር የሚነበብ ጽሑፍ ሁሉ ይገባበታል።

«የመጻሕፍት ክምችት» ማለትም የተለመደ ነው፤ ስሕተት የለውም። እኔ «ስብስብ» የሚለውን የምመርጠው ክምችት ከክምር ጋር ስለሚቀራረብብኝ ነው። ገበሬ ያጨደውን ጤፍ ሲከምር ክምሩ ገና እህል አይባልም። ካልተወቃ፣ ካልተነፋ፣ ካልተበጠረ ወደ ወፍጮ አይሄድም። በአንድ ክፍል እስከ ጣሪያ የተደረደረ መጽሐፍም እንዲሁ ክምር ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስብስብ የሚሆነው እያንዳንዱ መጽሐፍ ለማን ተብሎ እንደ ተቀመጠ የሚያውቅ ሰው ሲኖር፣ ፈላጊውም በቀላሉ ሲያገኘው ነው።

ዓላማው ምንድን ነው? ንባብን ማስፋፋት ብቻ ነው?

ንባብን ማስፋፋት አንዱ ነው፤ ዋናው እርሱ ነው ለማለት ግን እቸገራለሁ። ቤተሰቡ የመማሪያ መጽሐፍ ሊገዛለት ያልቻለ ተማሪ ከገዛው እኩል ለፈተና እንዲቀርብ ማድረግ ዓላማ ነው። በአንድ ጉዳይ ላይ የማይስማሙ ሁለት ጸሐፊዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ፍርዱን ለአንባቢው መተውም ዓላማ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው ግን ገና ላልመጣ ጠያቂ ማስቀመጥ ነው።

ጋዜጣን እንውሰድ። «ብርሃንና ሰላም» በ1917 ዓ.ም.፣ «አዲስ ዘመን» ደግሞ በ1933 ዓ.ም. መታተም ሲጀምሩ ሰው የገዛቸው ለዕለቱ ወሬ ነው። ከተነበቡ በኋላ ዕቃ ተጠቀለለባቸው፣ ግድግዳ ተለጠፈባቸው። ዛሬ የዘመኑን የገበያ ዋጋ፣ የሹመቱን ዝርዝር፣ ማስታወቂያውን የሚፈልግ ሰው የሚተማመነው ያኔ እያንዳንዱን ቅጠል አንሥቶ በጠረዘ ሰው ነው።

አንድ ጊዜ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው መጥተው የአባታቸው የሐዘን መግለጫ በጋዜጣ ወጥቶ እንደ ነበር ነገሩኝ። ቀኑን አያውቁትም፤ ዓመቱንና ክረምት መሆኑን ብቻ ያስታውሳሉ። የሰኔን ጥራዝ አወጣን፣ ከዚያ የሐምሌን። ወረቀቱ እንደ ሻይ ቅጠል ቀልሟል፤ ጠርዙ በነካነው ቁጥር ይፈረፈራል። በነሐሴው ጥራዝ፣ በገጹ ታችኛ ማዕዘን፣ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ ፎቶግራፍ አገኘን። ቤታቸው የነበረው ፎቶ በጎርፍ እንደ ጠፋና ይህችን ፊት ካዩ ዐርባ ዓመት እንዳለፋቸው የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። ቆመው ነበር የሚያነቡት፤ ወንበር ሳቀርብላቸውም አልተቀመጡም። ያ ጥራዝ ከዚያ ቀን በፊት ለብዙ ጊዜ አልተነካም። «ማንም የማያነበው ነገር ቦታ ይዟል» የሚል አስተያየት በስብሰባ ላይ በተነሣ ቁጥር እኒያ ሰው ትዝ ይሉኛል።

የብሔራዊ፣ የዩኒቨርሲቲና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስብስብ ለምን ይለያያል?

አንባቢያቸው ስለሚለያይ ነው። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት የአገሪቱን የኅትመት ውጤት በሙሉ ለትውልድ የማቆየት አደራ አለበት። የኢትዮጵያው በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ አንጋፋ አንባቢዎች እስከ ዛሬ «ወመዘክር» እያሉ ይጠሩታል። በአገር ውስጥ ከሚታተመው ሥራ ቅጂ የመረከብ መብቱ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 ተደንግጓል። ስለዚህ እርሱ «ይህ መጽሐፍ ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ጥሩውንም ደካማውንም ይይዛል፣ ሊይዝም ይገባዋል። በመዛግብቱና በብራናዎቹ ውስጥ ያሉ ቅርሶች እ.ኤ.አ. በ1997 በዩኔስኮ የዓለም የመታሰቢያ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።

የዩኒቨርሲቲው ስብስብ የሚከተለው ትምህርቱንና ምርምሩን ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ስለ ኢትዮጵያ በየትኛውም ቋንቋ የተጻፈውን ለመሰብሰብ የተነሣ በመሆኑ ከሌላው ሁሉ የተለየ ሀብት አለው። የሕዝብና የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ግን የሠፈሩን ሰው ማየት አለበት። በአካባቢው የሚነገረው ቋንቋ ምንድን ነው? ሰዉ በምን ይተዳደራል? የሚማረውስ እስከ ስንተኛ ክፍል ነው? ለነዚህ መልስ ሳይኖረው የታላቅ ቤተ መጻሕፍትን ዝርዝር የሚገለብጥ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ገንዘቡንም አንባቢውንም ያጣል።

በጥንት ጊዜ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ነበር?

ነበር፤ ያውም ከእነ ሥርዓቱ። የገዳማትና የአድባራት ዕቃ ቤት ቤተ መጻሕፍትም ነበር። ብራናው በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ሆኖ ከግድግዳ ይንጠለጠላል ወይም በሣጥን ይቀመጣል። ዕቃ ቤት ጠባቂው ምን እንዳለና ምን እንደ ወጣ ያውቃል። በ13ኛው መቶ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ የነበሩት አባ ኢየሱስ ሞአ ለገዳሙ ያስገቧቸው መጻሕፍት ዝርዝር በራሳቸው ወንጌል ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዛሬ የመጽሐፍ ገቢ መዝገብ የምንለው ያንን ነው።

የባለቤትነት ማኅተምም ነበራቸው። ብዙ ብራናዎች ላይ «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን» የሚል ቃል ታገኛላችሁ፤ የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። «የፋቀው» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በብራና ላይ የተጻፈ የባለቤት ስም በስለት ተፍቆ ሌላ ስም ሊጻፍበት ስለሚችል ነው። ዛሬ በርካታ ቤተ መጻሕፍት ማኅተማቸውን ከፊተኛው ገጽ ሌላ በውስጥ በተወሰነ አንድ ገጽ ላይ ደግመው የሚያሳርፉት በዚሁ ሥጋት ነው።

በሐረርም በየቤተሰቡ እጅ ተጠብቀው የኖሩ የዐረብኛና በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ የሐረሪ ጽሑፎች አሉ። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ እነዚህን በግል ጥረታቸው አሰባስበው ለሕዝብ ክፍት ባደረጉት ሙዚየም ውስጥ ማየት ይቻላል። አንድ ሰው የከተማውን ጽሑፍ ከየጓዳው ለቅሞ ስብስብ ሲያደርግ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የፈለገ ሐረር ሄዶ ይይ።

መጽሐፎቹ እስካልጠፉ ድረስ ስብስብ ቢበተን ምን ጉዳት አለው?

ትልቅ ጉዳት አለው፤ መቅደላ ማስረጃ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው፣ ይልቁንም ከጎንደር አድባራት፣ እጅግ ብዙ ብራናዎች ሰብስበው ነበር። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ መጻሕፍቱና ንዋያተ ቅድሳቱ ተዘረፉ። ዘረፋውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። ከጦሩ ጋር የዘመተው የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ ሪቻርድ ሆምስ ከዝርፊያው ጨረታ ለተቋሙ ገዛ። 350 ያህል ብራናዎች ዛሬ በለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው። ሌሎቹ በዊንድሶር፣ በኦክስፎርድ፣ በካምብሪጅና በሌላም ስፍራ ተበትነዋል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1872 አንድ ቅጂ ተመልሷል።

ይመለሱ ሲባል መጽሐፎቹ በጥሩ ሁኔታ ተይዘዋል፣ ካታሎግም (የመጻሕፍት ዝርዝር መዝገብ) ተሠርቶላቸዋል የሚል መልስ ይሰጣል። አያያዙን አልክድም። ነገር ግን በኢትዮጵያ ልማድ የወንጌል ወይም የስንክሳር ብራና ኅዳግ የከተማው ውል መዝገብም ነው። ማን ለማን ርስት ሸጠ፣ ማን ለደብሩ መሬት ሰጠ፣ ምስክሮቹ እነማን ነበሩ የሚለው ሁሉ በባዶው ቦታ ላይ ይጻፋል። የጎንደር ደብር ብራና ከጎንደር ሲወጣ ጸሎቱ ብቻ አልሄደም፤ የመሬቱ ክርክር ማስረጃም አብሮ ሄዷል። ብራናው ከመሬቱና ከጎረቤት ብራናዎች ሲለይ ያ ጽሑፍ ስለ ማን እንደሚናገር ለማወቅ ዓመታት የሚፈጅ ምርምር ይጠይቃል። መጻሕፍት አብረው ሲቀመጡ አንዱ የሌላውን ይመሰክራል። ለዚህ ነው መመለሳቸው የክብር ጉዳይ ብቻ ነው ብዬ የማላምነው።

ዐፄ ቴዎድሮስም የሰበሰቡት ከሌሎች ስብስቦች አንሥተው እንደ ነበር መዘንጋት የለበትም። የጎንደር ደብሮች ዕቃ ቤት መጀመሪያ የተራቆተው ያን ጊዜ ነው።

መጻሕፍቱን ማን ይመርጣል?

ሊመርጥ የሚገባው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነው፤ ከመምህራንና ከአንባቢዎች ጋር ተመካክሮ፣ በጽሑፍ በሰፈረ የአሰባሰብ መመሪያ ተመርቶ። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የሚመርጠው የበጀት መዝጊያ ነው። ሰኔ ሲቃረብ «ገንዘቡ ከመመለሱ በፊት ግዙ» ይባልና በጨረታ ያሸነፈው አቅራቢ መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ያመጣል። የአንድ መጽሐፍ ሠላሳ ቅጂ እያለ በየቀኑ የሚጠየቀው አንድም የሚታጣው በዚህ ምክንያት ነው።

መጻሕፍት በስጦታ መስጠት እፈልጋለሁ። ሁሉንም ይቀበሉኛል?

ሁሉንም ባይቀበሉዎት አይቀየሙ። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ ላይ ሲከፈት ሕዝቡ መጽሐፍ እንዲሰጥ በተደረገው ጥሪ የታየው ልግስና ደስ የሚያሰኝ ነበር። ስጦታ ሲገባ ግን ሥራው ገና መጀመሩ ነው። ጊዜው ያለፈበት የሕክምና መጽሐፍ አንባቢን ሊጎዳ ይችላል። በሌላ አገር ሥርዓተ ትምህርት የተዘጋጀ የስድስተኛ ክፍል መልመጃ በካርቶን ቢመጣ ለቦታ ማጣበቢያ ነው። ከመስጠትዎ በፊት ስልክ ደውለው «ምን ይጎድላችኋል?» ብለው ይጠይቁ። ዝርዝሩን ካገኙ በኋላ ከዚያ ውስጥ አምስት አዳዲስ መጻሕፍት ገዝተው ቢሰጡ ከአምስት ካርቶን አሮጌ ይበልጣል።

በውጭ አገር ለምንኖር ሰዎች የአካባቢያችን ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ መጽሐፍ ይገዛልናል?

ከጠየቁት ብዙ ጊዜ ይሞክራል፤ በአሜሪካ ያሉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የግዢ ጥያቄ ከአንባቢ ይቀበላሉ። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ፣ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የልጆች መጻሕፍት ማዘዝ ሲገባቸው በአማርኛ የሚታዘዝ አጡ። ከዚያ ተነሥተው ራሳቸው በአማርኛና በእንግሊዝኛ የልጆች መጽሐፍ አሳተሙ። በኋላም ወደ አገር ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በሐዋሳም በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። መነሻቸው ከመደርደሪያው ላይ የጎደለውን ማየታቸው ነበር።

በአንዳንድ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉ እያለ ለምን ተቆልፎበት ይቀመጣል?

ይህ ጥያቄ ሆዴን ይበላኛል። መጽሐፍ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚመዘገበው እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ በንብረትነት ነው። ቢጠፋ ሠራተኛው ከደመወዙ ይከፍላል። አንባቢ ነክቶት ቢቀደድ የሚጠየቀው እርሱ፣ ሳይነበብ አሥር ዓመት ቢቀመጥ ግን የሚጠይቀው የለም። ታዲያ ማን ይፈርድበታል ቢቆልፍ?

በአንድ ወቅት በሠራሁበት ትምህርት ቤት 40 ካርቶን አዲስ መጻሕፍት መጡልን። የንብረት ቁጥር ሳይሰጣቸው ካርቶኑ አይከፈትም ተባለ። ቁጥሩን የሚሰጠው ሰው ተዛውሮ ነበር፤ ተተኪው እስኪመደብ ደብዳቤ ተመላለሰ። ሁለት ክረምት አለፈ። በመጨረሻ ፈቃዱ መጥቶ ከግድግዳው ጥግ ያለውን ካርቶን ሳነሣ ከሥሩ ተቦድሶ እጄ ላይ ቀረ። ምስጥ ከወለሉ ወጥቶ ገብቶበታል። የሂሳብ መጽሐፎቹ ሽፋናቸው ደኅና ነው፤ ሲገለጡ ግን መካከላቸው በአፈር መንገድ ተቦርቡሯል። ዘጠኝ ካርቶን እንዲሁ አለቀ። ለመቃጠያው የተዘጋጀው ቃለ ጉባኤ አራት ፊርማ ሲኖረው፣ በነዚያ ሁለት ዓመታት የተመረቁት ልጆች የት እንደሚፈርሙ የጠየቀ አልነበረም። መጠነኛ መጥፋትና መቀደድ የአገልግሎት ወጪ መሆኑን የሚቀበል መመሪያ እስካልተጻፈ ድረስ ቁልፉ አይነሣም።

መጽሐፍ ከስብስብ ማስወገድ ነውር አይደለም?

አይደለም። በአማርኛ «ማረም» የሚለው ቃል ከሰብል መካከል አረም መንቀልንም ስሕተት ማስተካከልንም ይይዛል፤ ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ቃል አላውቅም። ገጹ የጎደለ፣ ይዘቱ በአዲስ እትም የተተካ፣ ከብዛቱ የተነሣ ቦታ ያጣበበ መጽሐፍ ይወጣል። ሆኖም ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር መጣራት አለበት፤ ይህ ቅጂ በሌላ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል? በአገር ውስጥ በትንሽ ማተሚያ ቤት የታተመ፣ ሽፋኑ የወላለቀ መጽሐፍ ምናልባት የመጨረሻው ቅጂ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ዓይነቱ ይጠገናል፣ ወይም ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ይላካል እንጂ አይጣልም።

መጽሐፉ እንዳለ አውቃለሁ፤ ካታሎጉ ላይ ግን ላገኘው አልቻልኩም። ለምን?

ከፊደሉና ከስሙ ይጀምሩ። «ቤተ መጻሕፍት» የሚለውን ራሱን ሰዎች በስንት ዓይነት እንደሚጽፉት ያስቡ፤ «ቤተ መፃህፍት»፣ «ቤተመጻህፍት»፣ «ቤተ መጽሐፍት» (ይህ የመጨረሻው ነጠላውን ከብዙው ያደባለቀ ነው)። ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ የማያመሳስል የኮምፒውተር ካታሎግ መጽሐፉን እያለ የለም ይላችኋል። ስለዚህ በሌላኛው ፊደል ደግማችሁ ፈልጉ።

ስምም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያዊ ጸሐፊ መጽሐፍ የሚመዘገበው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ አይደለም፤ ዓለም አቀፉም የአመዘጋገብ ደንብ ይህን ይቀበላል። ነገር ግን በውጭ አገር ካታሎጎች ታላቁ የግእዝ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ አንድ ቦታ በ«ጌታቸው»፣ ሌላ ቦታ በ«ኃይሌ» ሥር ይገኛሉ። ሁለቱንም ይሞክሩ። የኅትመት ዘመኑም በዓ.ም. ይሁን በእ.ኤ.አ. ያረጋግጡ፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አንድን እትም ሁለት ያስመስለዋል። መጻሕፍትን በየርእሰ ጉዳያቸው ቁጥር እየሰጠ በሚለየው በዲዊ የአመዳደብ ሥርዓት የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት ከሆነ ደግሞ የኢትዮጵያ ታሪክ ያለው በ963 ሥር ነው፤ በቀጥታ ወደዚያ መደርደሪያ ሄዶ ማየት ይቻላል።

ሁሉ ነገር በኢንተርኔት እያለ ስብስብ ለምን ያስፈልጋል?

ሁሉ ነገር በኢንተርኔት የለም። በአማርኛ የታተመው ብዙው መጽሐፍ አንድም ጊዜ ወደ ኮምፒውተር አልገባም። የገባውም ቢሆን አንድ ሰው መርጦ፣ ገልጦ፣ ቀርጾ፣ ስም ሰጥቶ ያስገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም (ገጾችን በጥቃቅኑ በፊልም የማንሣት) ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ ብራናዎች ተቀርጸዋል፤ ቅጂያቸው በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ኮሌጅቪል ተቀምጧል። ጌታቸው ኃይሌ የዚህን ስብስብ ካታሎግ በማዘጋጀት የሕይወታቸውን ብዙ ዓመታት ሰጥተዋል። ያ ካታሎግ ባይኖር ፊልሙ የጥቅል ክምር ሆኖ ይቀር ነበር። በኮምፒውተር ላይ ያለው ስብስብም የሚጠይቀው ያንኑ ድካም ነው።

በመንደራችን ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ልንጀምር ነው። በስንት መጽሐፍ ይጀመራል?

ሁለት መቶ በደንብ የተመረጠ ይበቃል። መደርደሪያውን ከግድግዳው ራቅ፣ ከወለሉ ከፍ አድርጉት። ለመዝገብ የሚሆን ወፍራም ደብተር ግዙና ተራ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ ጸሐፊ፣ ርእስ፣ ከየት እንደ ተገኘ የሚሉ ዓምዶች አስምሩበት። ሌላ አንድ ትንሽ ደብተር ደግሞ በሩ አጠገብ አስቀምጡ፤ አንባቢ ጠይቆ ያጣውን ሁሉ በእርሱ ላይ ጻፉ። ገንዘብ ስታገኙ ወደ መጽሐፍ መደብር ይዛችሁ የምትሄዱት ያንን ትንሹን ደብተር ነው።